ዝምታው ለማን ነው?

አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ልጅ መጮኹን ሲያቆም ዝምታው የሚጠቅመው ማንን ነው? ልጁን ወይስ እኛን?

ያደግሁት ሰንበቴ ነው። የእሁዱን ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኝበት፣ የከብቱ፣ የሰዉና የመኪናው ድምፅ የሚደባለቅበት ቀን ነው። በሰፈራችን በየእሁዱ በር የሚዘጋበት ልጅ ነበር። ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ሰው “ለክፎት ነው” ይላል፤ እኛም የቤተ ክርስቲያን ልጆች “እንጸልይለት” ብለን እናልፋለን። ምን እንደሚሰማው የጠየቀ ግን አልነበረም።

በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ኦቲዝም ላለባቸው ተማሪዎች የክፍል ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ባህርይውን መከታተል ነበር። በደብተሬ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ቀጥሎስ ምን አገኘ? የሚፈለገውን ሲያደርግ የሚወደውን ነገር ወዲያው እሰጠዋለሁ፤ ድርጊቱም ይደጋገማል። ዘዴው ይሠራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ስለሚሠራ ነው።

የምከታተለው ልጅ የስምንት ዓመት ነበር። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ዴስክ ሥር ይገባል። እኔም እጁን ዴስኩ ላይ አድርጎ በተቀመጠ ቁጥር ብስኩት ሰጠሁት። በሦስት ሳምንት ዴስክ ሥር መግባቱ ቀረ። ሁሉም አመሰገነኝ፤ እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አንድ ቀን እናቱ ሊወስዱት መጡና እጅጌውን ሰብስበው አሳዩኝ። ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር።

“ቲቸር፣ ማታ ማታ ራሱን ይነክሳል። እዚህስ ደህና ነው?”

“ደህና ነው እትዬ፤ አሁንማ ዝም ብሏል” አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። ጆሮውን መድፈኑ ማስታገሻው ነበር። እኔ ሕመሙን እንዳለ ትቼ ማስታገሻውን በብስኩት ቀማሁት።

ይህን ስሕተት የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ዘዴ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በማዋል ስሙ የሚነሳው ኢቫር ሎቫስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ልጆችን በጥፊና በኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር ይቀጣ ነበር። የሚፈለገው ልጁ ከሌሎች ልጆች እንዳይለይ ነበር። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች በራሳቸው አንደበት ይህን ይቃወማሉ።

ታዲያ ባህርይን ማስተማር ይቅር? አይቅር። ሰንበቴ አስፋልት ላይ ወደ ደሴ በሚበር የጭነት መኪና ፊት የሚሮጥን ልጅ መተው ፍቅር አይደለም። ራሱን የሚነክስን ልጅም መርዳት ይገባል። ነገር ግን ልጁን የሚጎዳውን ባህርይና እኛን የሚያሳፍረንን ባህርይ እንለይ። እጁን ማራገቡ፣ ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ ማንን ይጎዳል? ብዙ ጊዜ የምንቸኩለው ግን ይህንኑ ለማስቆም ነው።

እኔም ዘዴውን አልጣልኩትም፤ የምጠቀምበትን ዓላማ ቀየርኩ። በር የተሳለበት ካርድ ሠራሁለት። ካርዱን ሲሰጠኝ ወዲያው ይዤው እወጣለሁ፤ ጩኸቱ ሲያልቅ እንመለሳለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስድስት ሰባት ጊዜ አስወጣኝ። መምህሯ “አሞኘህ እኮ!” አሉኝ። ልጁ ግን የሚፈልገውን እየነገረኝ ነበር። ቀስ በቀስ መውጣቱ ቀነሰ፤ መውጣት እንደሚችል አውቋልና።

በአገራችን ለዚህ ሥራ መንገድ ከከፈቱት አንዷ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልይዝ ቢሏቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ብዙ ቤተሰብ በኀፍረት ልጁን በሚደብቅበት ጊዜ እሳቸው ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። እስኪያርፉ ድረስ የታገሉት ልጆቹን ለማስተማር ብቻ ሳይሆን የእኛንም አመለካከት ለመለወጥ ነበር።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን አስቡ። በርጤሜዎስ ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታ ኢየሱስ ግን ቆመ። አስጠራውና ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ዓይነ ስውርነቱ ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ቢሆንም ጌታ ከእርሱ አፍ ሊሰማ ወደደ። እኛስ ከሕዝቡ ጋር ነን ወይስ ከጌታ ጋር?

የአምልኮ ሰዓታችንን እንመልከት። ድምፅ ማጉያው እስከ ጥግ ተከፍቶ አንድ ልጅ ሲጮኽ አስተናጋጁ ወደ እናቱ ይሄዳል እንጂ ወደ ድምፅ ማጉያው አይሄድም። እናቲቱም በሚቀጥለው እሁድ አትመጣም። እናንተ ግን ድምፁን መቀነስ ትችላላችሁ። በር አጠገብ ቦታ ልትይዙላቸው፣ እናቱ እንድታመልክ ከእናንተ አንዱ ከልጁ ጋር ደጅ ሊቀመጥ ይችላል።

በሰፈራችሁም እሁድ እሁድ የሚዘጋ በር ይኖራል። ጸልዩ፤ ከጸለያችሁም በኋላ ሂዱና አንኳኩ። “ምን ሆኖ ነው?” አትበሉ። ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስጨንቀው እናቱን ጠይቁ፤ ከዚያም ከልጁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ራሱ የሚነግራችሁን ጠብቁ።