መመልከት የፍቅር መጀመሪያ ነው



ጌታችን በተራራው ላይ ባስተማረ ጊዜ ሕዝቡ ወፎችን እንዲመለከቱ አዘዘ (ማቴ. 6፥26)። ይህን ቃል ስንጠቅስ ስለ ጭንቀት የተናገረውን እናስባለን፤ ተመልከቱ ማለቱን ግን እናልፈዋለን። እንግዲህ በትዕግሥት የተመለከቱ ሰዎች ምን እንዳደረጉ አስተውሉ።

በአሜሪካ አገር በሳውዝ ካሮላይና፥ ከባሕር ጠረፍ ሳይርቅ፥ ፍራንሲስ ማሪዮን የሚባል ደን አለ። ረግረግና ጥድ ጎን ለጎን የሚገኙበት ምድር ነው። በዚያ ከግንደ ቆርቁር ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ብዙዎቹ ግንደ ቆርቁሮች የደረቀ እንጨት ሲመርጡ፥ እርስዋ ሕያው ጥድ ትቦረቡራለች፤ አንዱን ጎጆ ለመጨረስም ዓመታት ይፈጅባታል። በቀዳዳው ዙሪያ ግንዱን እየወጋች ሙጫ ታፈስሳለች፤ ይህም እባብን ይከለክልላታል። ማታ እያንዳንዷ በየራሷ ቀዳዳ ታድራለች፤ ሲነጋ ወጥተው ይጠራራሉ።

የሚከታተሏቸው ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ከዛፉ ሥር ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የወጡትንም ይቈጥራሉ። ጎጆ ያለበትን ጥድ በነጭ ቀለም ያመለክቱታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ሁጎ የተባለ ዐውሎ ነፋስ ደኑን በአንድ ሌሊት መታው። ጎጆ ከነበረባቸው ጥዶች አብዛኞቹ ወደቁ፤ ከወፎቹም ከግማሽ የሚበልጡት ጠፉ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የትኛው ዛፍ እንደ ወደቀ ያውቁ ነበርና፥ ቆመው የቀሩትን ጥዶች እየቦረቦሩ ከእንጨት የተሠራ ጎጆ አስገቡባቸው። ወፎቹም ገብተው አደሩ፤ ጫጩቶችም አሳደጉ። በ1970 ዓ.ም. ፈጽመው ሊጠፉ ከተቃረቡት ጋር የተመዘገበችው ይህች ወፍ፥ በ2024 ዓ.ም. ስጋቱ ወደ ቀለለው መዝገብ ተዛወረች።

ወገኖቼ ሆይ፤ ወፎችን የሚመግብ ሰማያዊ አባት ለእነዚህ በሰው እጅ ቤት ሰጣቸው። እጆቹም ለመርዳት የበቁት ዓይኖች አስቀድመው ስለ ተመለከቱ ነው።

እኛስ? ባለፈው እሑድ ከመካከላችን የጠፋው ማን ነው? ባልዋ የሞተባትን፥ ልጁ የታመመበትን፥ ጎተራው የጎደለበትን እናውቃለንን? መከራ ከደረሰ በኋላ ሰውን መፈለግ ብንጀምር፥ ቤቱን እንኳ አናውቀውም። ወንድማችን የተቀመጠበት ስፍራ ባዶ ሆኖ ሳለ መዝሙራችን ሙሉ ከመሰለን፥ ከወፎች ይልቅ የከበረውን ረስተናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የአንድ ጎረቤት ደጅ እናንኳኳ፤ ስሙንም ጠርተን እንጸልይለት። ድንቢጥን እንኳ የማይረሳ አምላክ የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።