ልጥ ወይስ እባብ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማን ያደግን የከተማ ልጆች ልጥን የምናውቀው በተረቱ ብቻ ነው። ከዛፍ የሚላጥ ቅርፊት ነው፤ የቤት ማገር ይታሰርበታል፣ እንጨት ይሸከፍበታል። አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ተጠማዝዞ ሲገኝ ከእባብ ለመለየት ጠጋ ማለት ይጠይቃል። የበረየ ሰው ደግሞ ጠጋ አይልም።

የእኔ እባብ ሊፍት ነው። ስምንተኛ ፎቅ ወዳለ ቢሮ ስወጣ መብራት ጠፋና ከሦስት ሰዎች ጋር አርባ ደቂቃ ያህል መሀል ላይ ተንጠልጥለን ቀረን። ጄነሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ስንወጣ ተሳሳቅን፤ ማታም ደህና ተኛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተጠቅጥቄ ሳለሁ፣ ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ሲዘጋው ደረቴ ተጨመደደ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ሰው እየረገጥኩ ወረድኩና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪሙ የልብ ምርመራውን ወረቀት አገላብጦ «ልብህ ደህና ነው» አለኝ። አከራዬ ጠበል እንድሞክር፣ በባዶ ሆድም ቡና እንዳልጠጣ መከሩኝ። የቡናው ምክር እውነት ነበረው፤ ካፌይን የልብ ምትን ሊያፈጥን ይችላል።

ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሳቅ ነው። አንድ ሕፃን ላይ ግን የምር ተሞክሯል። በ1920 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ያሉት የ11 ወር ልጅ ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ጀመር። ልጁ አይጧን ፈራ፤ ቀጥሎ ጥንቸል፣ ውሻ፣ የጠጉር ካፖርት ሳይቀር። አይጧ እባብ፣ ካፖርቱ ልጥ መሆናቸው ነው። ፍርሃቱን ሳይነቅሉለት ለቀቁት፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያናድደኛል። ከአራት ዓመት በኋላ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ባለሙያ በተቃራኒው ሄደች። ጥንቸል ለሚፈራ ትንሽ ልጅ የሚወደውን ምግብ እየሰጠች፣ ጥንቸሉን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ አስጠጋችለት። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ዳበሰው።

እኔን ያየችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሠራችው ከዚህ ብዙ አይርቅም። «አትጨነቅ» አላለችኝም፤ እሱን የሚሉኝ ሞልተዋል። ወረቀት ሰጥታ የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስጻፈችኝ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ እየሰጠሁ። ሊፍት አጠገብ መቆም ሦስት። በሩ ክፍት ሆኖ መግባት አምስት። አንድ ፎቅ ብቻዬን ስምንት። ሊፍቱን ሸሽቼ በደረጃ በወጣሁ ቁጥር የሚሰማኝ እፎይታ እንዴት እንደሚያታልለኝም አስረዳችኝ፤ ሰውነቴ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል፣ በነጋታው ፍርሃቱ ጠንክሮ ይመጣል። ተረቱ የማይነግረን ይህን ነው፤ ሰውዬው ከበረየ በኋላ ወደ ቤቱ በየት በኩል እንደሄደ።

አንድ ጥያቄ ግን አንስቼባት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ይጠፋል፤ እባቡ አለ እኮ! «አዎ፣ ሊቆም ይችላል» አለች። «ሊፍት አየር አያልቅበትም፤ ያ ሽብር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። እስኪወርድ መቆየትን ነው የምንለማመደው።»

ሁሉም ጭንቀት በተረቱ አይፈታም። ምንም እባብ ሳያይ፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ሳል፣ የአለቃውን ዝምታ ሲያውጠነጥን የሚያድር ሰው አለ፤ ልጡን የሚገምደው ራሱ ነው። እሱን የሚረዳው ሐሳቡን ይዞ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ አንዳንዱ መድኃኒትም ያስፈልገዋል።

በሰባተኛው ሳምንት ያው ሕንፃ ሄድኩ። በሩ ሲዘጋ ዘጠኝ ነበርኩ፤ ስምንተኛ ፎቅ ስደርስ ስድስት። ስመለስ ለወራት በደረጃ ስወጣና ስወርድ የሚያውቀኝ ጥበቃ ከሊፍቱ ስወጣ አየኝና፣

«ዛሬ ምነው፣ እግርህን አመመህ እንዴ?» አለኝ።