ዝም ያለው ልጅ በምን ተጠየቀ?

በሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ክፍለ ከተማ የሚኖር፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ አንድ ልጅ እናስብ። ቤት አማርኛ ይናገራል። ቁርኣን ቤት ሎሑን ይዞ በዐረብኛ ይቀራል። ትምህርት ቤት ደግሞ ሶማልኛ ይጠብቀዋል፤ ያውም በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ በተወሰነለት በላቲን ፊደል። ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ አይመልስም። መምህሩ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢጠራ፣ ባለሙያዋ ከምን ትጀምር?

የምትሰጠው የአእምሮ ፈተና ለሁሉም አንድ ስለሆነ ፍትሐዊ ነው ይባል ይሆናል። ቋንቋውን ለሚያውቀው የአእምሮ ፈተና የሆነው ግን ለማያውቀው የቋንቋ ፈተና ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ መለኪያቸውን ያወጡት እርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች ለመለየት ነበር፤ ቢኔ ራሱ ውጤቱን የማይለወጥ ዕጣ አድርጎ መቁጠርን ተቃውሟል። ከእሱ በኋላ ብዙዎች ቁጥሩን ይዘው ዓላማውን ጣሉት።

እንግዲህ መጀመሪያ የልጁ ጆሮና ዓይን ይመርመር። ቀጥሎ በአማርኛ ይጠየቅ። ከዚያ እናቱና የቁርኣን መምህሩ ይሰሙ። ረጅም ሱራ በቃሉ የሚወጣ ከሆነ ትውስታው ደካማ ነው ማለት ያስቸግራል። መረዳቱን ግን ይህ ብቻ አያረጋግጥም፤ በእኛም ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም ሕፃን ሁሉ ግእዝ አይሰማም። ስለዚህ ምርመራው ይቀጥላል።

«ችግሩ ስም ካልወጣለት ማን ይረዳዋል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ኦቲዝምን በስሙ መጥራቷ ጠቅሟል፤ ቤት ተደብቀው ለነበሩ ልጆች ስሙ መማሪያ ቦታ ይዞ መጣ። ትምህርት የማይከተለው ስም ግን ልጁን ከወንበሩ አስነሥቶ ከቤት ያስቀረዋል። በተቃራኒው፣ ስም ላለመስጠት ሲባል መስማት የተሳነውን ልጅ «ቋንቋው ነው» ብሎ መተውም ያው በደል ነው። ስም የሚሰጥ ሰው የሚከተለውን እርዳታ አብሮ ይናገር፤ ካልቻለ ይታገሥ፣ ይመርምር።

የአዲስ አበባም ሆኑ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠልጣኞቻቸው ከነጥብ ሠንጠረዡ በፊት ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅን ያስተምሩ፤ አስተርጓሚውም ራሱ ልጁ አይሁን። እናንተም ወላጆች፣ «ልጃችሁ ትምህርት አይገባውም» ስትባሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ቋንቋ ተፈተነ? ጆሮውስ ታይቷል?