ደቦ ጠሪው ማን ነው?

ጁላይ 18 የማንዴላ ቀን ነው። ኔልሰን ማንዴላ ለሕዝብ ለታገሉባቸው 67 ዓመታት መታሰቢያ፣ ደቡብ አፍሪካውያን 67 ደቂቃ በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። በጆሃንስበርግ እንደ ዲፕስሉት ወዳሉ የቆርቆሮ ሰፈሮች የሚሄዱ አሉ። እሳት ወይም ጎርፍ የበላውን ቤት በማግስቱ ማቆም የሚጀምሩት ግን ጎረቤቶች ናቸው።

ልዩነቱ የሰዓቱ ማነስ አይደለም። በእኛ ደቦ ጠሪው ባለቤቱ ነው፤ የሚሠራውን የሚያዘውም እሱ ነው። ዛሬ ጎጆዬን ያቆመልኝ ሰው ነገ አዝመራው ሲደርስ ይጠራኛል። ብድሬን ስለምመልስ አንገቴን አልደፋም። ሳይጠራ መጥቶ፣ ግድግዳ ቀብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ግን ብድር መመለሻ አይተውም።

ታዲያ አይምጣ? ይምጣ እንጂ። ግን አስቀድሞ «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የቀረበለትንም ሻይ ጠጥቶ ይሂድ። መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ገና ጎረቤት አልሆነም።