በማካፈል የሚጠፋ መልስ

አንድን ነገር መልኩን ስንለውጠው እውነቱ እንዳለ ይቆያል ወይ? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል፤ ትሪጎኖሜትሪ የተማረ ሁሉ ግን ደብተሩ ላይ ተጋፍጦታል።

ሳይን ካሬ ሲደመር ኮሳይን ካሬ 1 ነው። ይሄ አይደንቲቲ ነው፤ የፈለጋችሁትን ማዕዘን ብታመጡለት አይፈርስም። ኢኩዌሽን ግን ለአንዳንድ ማዕዘኖች ብቻ እውነት ይሆናል፤ የእኛ ሥራ እነዚያን መፈለግ ነው። በአይደንቲቲ ኢኩዌሽኑን ሌላ ልብስ እናለብሰዋለን። ሰውየው ግን ያው ነው።

ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይደበዝዝና ብርጭቆ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። በጭስ ያጠቆሩት ግን ቢያደርቁት አይነጣም። ማጠቆሩ ራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለገዢው አለመናገር ነው።

ሒሳብም ላይ የማይመለስ እርምጃ አለ። ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሳይን 2ሀ = ኮሳይን ሀ የሚሆንበትን ፈልጉ እንበል። አይደንቲቲው ግራውን 2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ ያደርገዋል። አሁን ኮሳይን ሀ በሁለቱም በኩል አለ፤ አካፍሎ መገላገል ያምራል። ሳይን ሀ = 1/2 ይቀራል፤ መልሱ 30 እና 150። ግን 90 እና 270ም ትክክል ነበሩ! እዚያ ኮሳይን ዜሮ ስለሆነ ማካፈሉ ሁለቱንም ጠርጎ አስወጣቸው። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥተን ኮሳይን ሀ (2 ሳይን ሀ − 1) = 0 ብለን ብንጽፍ ኖሮ አራቱም ይገኙ ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። ሳይን ሀ + ኮሳይን ሀ = 1 የሚለውን ሁለቱንም ወገን ካሬ ብናደርገው 0፣ 90፣ 180 እና 270 ይወጣሉ። 180ን እና 270ን መልሰን ስናስገባ ግን −1 ይሰጡናል፤ ውሸት ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛ ምስክርን መስቀለኛ ጥያቄ ያጋልጠዋል፤ ጭራሽ ያልተጠራ ምስክር ግን በምንም አይታወቅም። 30ን እና 150ን የቱንም ያህል ደጋግማችሁ ብታረጋግጡ 90 እንደጠፋ አይነግሯችሁም።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ጉዳዩ እዚያም ሰው ላይ ይደርሳል። ዓመትን ለ12 ወር ብቻ ከፍሎ የሚያስመርጥ ቅጽ ጳጉሜን ለተወለደ ሰው ቦታ የለውም። «እነሱ እኮ ጥቂት ናቸው» ይባላል። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። ኮሳይንም ዜሮ የሚሆነው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ቅጹ ይሠራል ብለን የምንመሰክረው ግን ሞልተው የጨረሱትን ቆጥረን ነው፤ መሙላት ያቃተው ከቆጠራው ውጭ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሁሌም ያማረ ይሆናል።

ሁሉንም ልዩ ሁኔታ ተሸክሞ መሥራት አይቻልም የሚል ክርክር አለ፤ አልንቀውም፤ ጊዜም ገንዘብም ውስን ነው። ሒሳብም ቢሆን ማካፈልን አልከለከለም። «ኮሳይን ሀ ዜሮ ካልሆነ» ብለህ ጻፍ፣ ከዚያ ዜሮ የሚሆንበትን ለብቻው እይ ነው የሚለው። ያቺ አጭር ሐረግ ኦፓል ሻጩ ለገዢው ከሚናገራት ቃል ጋር አንድ ናት። እኛም ከማካፈላችን በፊት፣ ይሄ ነገር ዜሮ የሚሆነው ማን ጋ ነው ብለን መጠየቅ አለብን።