የማይታየው ሥራ

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ አጭር ነው። ይኸውም «ለበጎ ዓላማ የሚሠራ ድራማ በምን ዓይነት መንገድ ቢሠራ ነው በጎ የሚባለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በኪነ ጥበብ ክፍላችን አባላት መካከል ሰፊ ክርክር ያስነሣ ስለሆነ፣ በጉባኤው ላልነበሩት ወንድሞችና እኅቶች ጭምር ለማካፈል ወደድን።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዛሬ ወጣቱ ድራማ የሚመለከተው በአዳራሽ ወይም በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ሲጠብቅ፣ ከመኝታው በፊት፣ አንዳንዴም በትምህርት መካከል የእጅ ስልኩን እንደ ያዘ ይመለከታል። ስልክ በእጅ የሚያዘው ቆሞ ነው። ስለዚህ ምስሉም ወርዱ ጠብቦ ቁመቱ ረዝሞ፣ ማለትም ወርዱ 9 ቢሆን ቁመቱ 16 ሆኖ ይቀረጻል። እያንዳንዱ ክፍል 1 ወይም 2 ደቂቃ ነው፤ ክፍሎቹ ግን ብዙ ናቸው። እኛም «ወንድሞቻችን ወዳሉበት እንሂድ» በማለት ስለ ምሕረት የሚያስተምር አጭር ተከታታይ ድራማ በዚሁ መልክ ለማዘጋጀት ተነሣን።

ከውጭ ለሚያየው የአንድ ደቂቃ ድራማ የአንድ ደቂቃ ድካም ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ ድርሰቱ ይጻፋል፤ በመምህራን ይታያል፤ ይታረማል። ልምምዱ ከቅዳሴ በኋላ ይካሄዳል። የቀረጻው ዕለት ሲደርስ ደግሞ የደብረ ታቦር ነፋስ አለ። ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ በድምፅ መቅረጫው ላይ ሲያፏጭ የተዋናዩ ንግግር አይሰማም፤ ስለዚህ አንዱ ጋቢ ዘርግቶ ነፋሱን ይከልላል። ሌላው ነጭ ነጠላ ወጥሮ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ተዋናዩ ፊት ይመልሳል። ሦስተኛው መንገደኞችን «እባካችሁ አንድ ጊዜ ቆዩልን» እያለ ይለምናል። አራተኛዋ ተዋናይቱ በጠዋቱ ቀረጻ ነጠላዋን እንዴት እንደ ለበሰች በደብተር ትመዘግባለች፤ ከሰዓት በኋላ በሌላ መልክ ከለበሰችው ተመልካቹ ግራ ይጋባልና። ከዚያም ምስሉን የሚቆርጥና የሚያቀናብር ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ያመሻል። ከነዚህ ሁሉ መካከል በምስሉ ውስጥ የሚታየው የተዋናዩ ፊት ብቻ ነው። ምስሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰዎች እንኳ ጎን ለጎን ቆመው በደንብ አይታዩም፤ ወይ ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ ወይ ተራ በተራ ይቀረጻሉ።

የሚታየው ጥቂት፣ የማይታየው ብዙ የሆነበት ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የማያውቅ የለም። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ መንገዱ እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ጉዞው ወራት ፈጀ። ታሪክ የንጉሠ ነገሥቱን ስም፣ የመድፉንም ስም መዝግቧል፤ ከአውሮፓውያኑ ሠሪዎችም የአንዳንዶቹ ስም ይታወቃል። ገመዱን በትከሻቸው የጎተቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ የሚያይ ሰው የሚያየው የአንድ ሌሊት ማኅሌት ነው። ከዚያ ሌሊት በስተ ጀርባ ግን በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተቀጸለበት፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የተጠናበት፣ ለምድ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ የተለመነበት ረጅም ዘመን አለ።

ሁለቱ ምሳሌዎች ግን አንድ አይደሉም። የቆሎ ተማሪው ድካሙን የመረጠው ራሱ ነው፤ ፍሬውም የራሱ ሆነ። የመድፉን ገመድ የጎተተው ሰው ግን በንጉሥ ትእዛዝ የቆመ ስለሆነ እምቢ ለማለት አይችልም ነበር። እንግዲህ የማይታይ ድካም ሁሉ የተቀደሰ ነው ማለት አይቻልም። «ብዙ ደክመናል» ማለት ብቻውን ሥራውን በጎ አያደርገውም። መጠየቅ ያለበት «ድካሙ በማን ላይ ወደቀ? ያ ሰውስ ፈቅዷል ወይ?» የሚለው ነው።

ክርክራችን የተነሣው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። ከድራማው ክፍሎች በአንደኛው አንድ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡትን ነዳይ እናት እንዳላየ አልፎ ይሄዳል፤ ኋላም ተጸጽቶ ይመለሳል። ከአባላቱ አንዳንዶቹ «ነዳይ መስሎ የሚሠራ ሰው ለምን እንፈልጋለን? በደጀ ሰላሙ እውነተኞቹ ነዳያን አሉ። እነርሱን ብንቀርጽ ድራማው እውነተኛ ይሆናል፤ የተመልካቹም ልብ ይነካል፤ ለእናቲቱም ጥቂት ብር እንሰጣቸዋለን» አሉ። ሐሳቡ ከክፋት የመነጨ አልነበረም። ሌሎቹ «እኒህ እናት የድራማችን ዕቃ አይደሉም» ብለው ተቃወሙ። «ፈቃዳቸው ከተጠየቀና ብርም ከተሰጣቸው ምን ነውር አለው?» የሚል መልስ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የራበው ሰው «እሺ» ሲል ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ብሩን የያዘው እጅ ካሜራውንም የያዘ ከሆነ፣ እምቢ ማለት ብሩን ማጣት እንደ ሆነ እናቲቱ ያውቃሉ። በተጨማሪም ይህ ድራማ በአዳራሽ ታይቶ እንደሚያበቃ ተውኔት አይደለም። አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ የሚመልሰውም የለም። እናቲቱ ከመጡበት የገጠር ቀበሌ፣ ምናልባትም ችግራቸውን ከደበቋቸው ልጆቻቸው ዘንድ ይደርሳል። ስልክ ይዘው የማያውቁ እናት የተስማሙበት ነገር ምን እንደ ሆነ በምን ያውቁታል?

ክርክሩ ከዚህ ሲደርስ አንዲት እኅት እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «እንግዲያውስ እኔ ነዳይ ሳልሆን ቡትቶ ለብሼ ‹ስለ እመቤታችን› ብል ውሸት አይሆንም ወይ? እውነተኛዋን ትተን ሐሰተኛዋን ማሳየት እንዴት ይሻላል?»

ይህ ጥያቄ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ነው። መልሳችንም የሚከተለው ነው። ድራማ ድራማ መሆኑን ሠሪውም ተመልካቹም ካወቁ በመካከላቸው የተታለለ የለም። ጌታችን ራሱ ሕዝቡን ያስተማረው በምሳሌ ነው፤ የጠፋው ልጅ ቤቱ የት መንደር ነው ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ የለም። በአገራችንም የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓ.ም. ያዘጋጁት «ፋቡላ» በአውሬዎች አንደበት የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት የሚተች ነበር። አውሬ ሲናገር ያየ ተመልካች አልተታለለም፤ እውነቱ ግን ስለ ተሰማ ተውኔቱ ታገደ። እንደዚሁ እኅታችን ቡትቶ ስትለብስ ማንንም አላታለለችም፤ ከማንም የወሰደችው ነገር የለም። የእውነተኛዋ እናት ፊት ግን ምንም እንኳ እውነት ቢሆን ከእርሳቸው ተወስዶ የሌላ ሰው ታሪክ ማሳመሪያ ይሆናል።

ስለዚህ እውነት የሆነውን ማሳየት ሁልጊዜ በጎ አይደለም፤ አስመስሎ መሥራትም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ታስቦበት የተዘጋጀውን እንደ ድንገት የተፈጸመ አድርጎ ማቅረብ ነው። ዛሬ በየስልኩ የምናየው፣ ካሜራው አስቀድሞ ተተክሎለት ሳለ ሰጪው በአጋጣሚ ያለፈ መስሎ የሚታይበት ምጽዋት ከዚህ ወገን ነው። ተቀባዩ በልቶ ይሆናል። ነገር ግን በስውር ይሁን የተባለው ምጽዋት በአደባባይ ተሽጧል፤ የተሸጠውም በተቀባዩ ፊት ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የታሪኩን አቆራረጥ የሚመለከት ነው። ይህ የድራማ ዓይነት እጅግ የተስፋፋው በቻይና ነው። በዚያ አንዱ ተከታታይ ድራማ ከ60 እስከ 100 የሚደርሱ አጫጭር ክፍሎች ሲኖሩት፣ ቀረጻው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል፤ ሠራተኞቹም በቀን ከ12 ሰዓት በላይ የሚሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነጻ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ልክ ጥፊው ሊያርፍ ሲል፣ ወይም ደብዳቤው ሊነበብ ሲል ታሪኩ ይቆረጥና ቀጣዩን ለማየት ገንዘብ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው ሪልሾርት የተባለው የስልክ መተግበሪያም ይህንኑ አሠራር በአሜሪካ አስለምዷል።

የእኛ ድራማ ገንዘብ አይጠይቅም። ቢሆንም «ክፍሉን በጭንቀቱ ላይ ካልቆረጥነው ሁለተኛውን የሚያይ አይኖርም» የሚል ሐሳብ ቀረበ። በሐሳቡ ውስጥ እውነት አለ። አያቶቻችንም ተረት ሲነግሩን «የቀረውን ነገ» ይሉን ነበር። ነገር ግን አያት ተረቷን የምታቋርጠው ልጁ እንዲተኛ ነው፤ ነጋዴው የሚያቋርጠው ግን ተመልካቹ እንዳይተኛ ነው። ልዩነቱ በመቆረጡ ሳይሆን ለማን ጥቅም ተቆረጠ በሚለው ላይ ነው። ነገ ፈተና ያለበትን ተማሪ በእኩለ ሌሊት፣ ዳታ ለመግዛት የምሳውን ብር የሚያወጣውን ወጣት በጉጉት አስረን ስለ ትዕግሥትና ራስን ስለ መግዛት ብናስተምረው ቃላችንና ሥራችን ይጣላሉ። ስለሆነም እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው አንድ የተሟላ ነገር ይዞ እንዲያልቅ፣ ተመልካቹም ስልኩን ዘግቶ ሊያስብበት እንዲችል ተስማማን። የተመልካቹ ቁጥር ቢያንስ ይነስ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ነጠላውን ወጥሮ የቆመው ልጅ ስሙ በመጨረሻ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? «ለእግዚአብሔር የተሠራ ሥራ ስም አያስፈልገውም» ያሉ ነበሩ። ነገሩ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ትሕትናን ሰው ለራሱ ይመርጣታል እንጂ በሌላው ላይ አይጭናትም። የራሱን ስም ቢደብቅ ምግባር ነው፤ የባልንጀራውን ስም ቢደብቅ ግን በደል ነው። የአዘጋጁና የተዋናዩ ስም ተጽፎ ገመድ ጎታቹ ሲቀር ትሕትናው የማን ነው? ስለዚህ ወይ ሁሉም ይጻፍ፣ ወይ «የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት» ተብሎ ሁሉም በአንድነት ይጠራ። ከስም ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። የክፉዋን ሴት ቦታ የምትጫወተው እኅታችን በገበያ መካከል በድራማው ስሟ እየተጠራች ልትሰደብ ትችላለች። ያን ሸክም የተሸከመችው ስለ ሁላችን ነውና፣ አስቀድሞ ይነገራት፤ ከእምቢታዋም በኋላ የሚቀየማት አይኑር።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል? አንዲት ነፍስ ከተመለሰች አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ የነፍስ መመለስ ከሁሉ ይበልጣልና። ይሁን እንጂ ይህን የሚለው ሰው የድራማውን የመጀመሪያ ተመልካቾች ረስቷል። እነርሱም ሠሪዎቹ ናቸው። ነጠላውን የወጠረው የ14 ዓመት ልጅ ስለ ምሕረት የሚነገረውን ቃል በአንድ ቀን 20 ጊዜ ይሰማል፤ በየመካከሉም አዘጋጁ የተሳሳተውን ተዋናይ እንዴት እንደሚናገረው ይሰማል። ሁለቱ ቃላት ከተጋጩ ልጁ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። ለማናውቃት ነፍስ ብለን አጠገባችን የቆመችውን ነፍስ ብናሰናክል ምን ተጠቀምን? አንጥረኛም ቢሆን ሰሙ ከተጣመመበት ወርቁ ቀጥ ብሎ አይወጣለትም።

ከተማችን በስሙ የተጠራችበት የታቦር ተራራም ይህን ያስታውሰናል። በዚያ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ በተራራው ራስ ከነበሩት ደቀ መዛሙርት ያዩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ጴጥሮስ በዚያው ለመኖር፣ ሦስት ዳስም ለመሥራት ወደደ። ሆኖም ወረዱ። በመንገድም ያዩትን እስከ ትንሣኤ ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ ታዘዙ፤ ከተራራው ግርጌም ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቃቸው ነበር። እንግዲህ የታየው ሁሉ ወዲያውኑ ለሁሉ የሚታይ አይደለም፤ ብርሃኑን ያየ ሰውም ሥራው የሚቆየው ከተራራው በታች ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ስልኩን አቁመን ቀረጻ ከመጀመራችን በፊት ከጠባቡ ምስል ውጭ የቆሙትን እንቁጠር። ነፋስ የሚከልለው ልጅ ለራሱ የሚደርበው አለው ወይ? ከጠዋት ጀምሮ የቆሙት ቁርስ ቀምሰዋል ወይ? ሳይጠየቅ ከበስተ ኋላ የሚቀረጽ ሰው አለ ወይ? በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት እናት በዚያች ዕለት የምንሰጣቸው ነገር ካለንም ካሜራው ተዘግቶ ይሰጣቸው። ድራማው ይህን አያሳይም፤ ሆኖም የሚጎድልበት ነገር የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።