ጉዳቱ ያነሰ ነገር መልካም ይባላልን?

ሰው አንድን ነገር ሲመረምር በሁለት ሚዛን ይመዝነዋል፤ አንደኛው «ከሌላው ይሻላልን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለነፍሴና ለሥጋዬ ይጠቅማልን?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሚዛን ብቻውን የተያዘ እንደ ሆነ ግን ሰውን ያታልላል። በዘመናችን በወጣቶች እጅ የሚታየው፣ «ቬፕ» የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለዚህ ምስክር ነው።

መሣሪያው ኒኮቲንና ልዩ ልዩ ጣዕም ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ ኃይል አሙቆ እንደ እንፋሎት ያደርገዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ራሱ አጫሽ ስለ ነበረ፣ አሳቡ ከትንባሆ ጢስ መውጫ መፈለግ ነበር። እንዲህ ያለው አጫሽ ሲጋራውን ፈጽሞ ትቶ ቢለውጠው ጉዳቱ እንደሚቀንስለት ብዙ ሐኪሞች ይናገራሉ። እኛም ይህን አንክድም፤ ወጣቱን በሐሰት ያስፈራራነው እንደ ሆነ እውነቱን ስንነግረውም አይሰማንምና።

ነገር ግን ከጕድጓድ ለመውጣት በተሠራው መሰላል፣ በሜዳ የቆመው ሰው ወደ ጕድጓዱ ይወርድበታል። ሲጋራ ቀምሶ የማያውቅ የሃያ ዓመት ወጣት «ጢስ የለው፤ ሽታው የፍራፍሬ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ብሎ ይጀምራል። ኒኮቲን ግን ጣዕሙ ቢለወጥ ግብሩ አይለወጥም፤ የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ በማደግ ላይ ስለ ሆነ ወጣቱን ፈጥኖ ያስረዋል። የአገራችን ሕግ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ንግዱን ከልክሏል፤ ሕግ ግን ገበያን ይዘጋል እንጂ የሰውን ፈቃድ አይገዛም።

የፈቃድ መፈተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ የሚጾም ወጣት፣ ቅዳሴው ሳይፈጸም መሣሪያውን ፈልጎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢወጣ፣ ጌታው ማን እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ይወቅ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች ሲያስተምር፣ የተፈቀደ ነገር እንኳ በሰው ላይ እንዳይሠለጥን አስጠንቅቋል።

እኛም ካህናት እንዲህ ያለውን ልጅ ስናገኝ በቁጣ አናባርረው፤ ከሐኪም እንዲማከር እንምከረው፤ በጸሎትም አንለየው።

አንተም ልጄ ሆይ፤ «ከሲጋራ ይሻላል» በማለት አትጽናና። «ያለዚህ ነገር አንዲት ቀን መዋል እችላለሁን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ፣ ጉዳቱ ያነሰ ሳይሆን ሰንሰለቱ ያልታየህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።